ውሃው ተቀድቶ ካለቀስ?

በደንብ የምታውቁትን ነገር ለገዛ ቤተሰባችሁ ስታስረዱ፣ ባብራራችሁ ቁጥር ይበልጥ እምቢ ብለዋችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ሰበታ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር እዚያው አቅራቢያ፣ ዓለም ገና ከተማ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ለኩላሊቱ ለረጅም ጊዜ የሚወስደው መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ አድክሞታል። ራሱን ማመም ሲጀምረው ጎረቤቱ ሁሉ «ሳይነስ ነው» አለ። የባጃጅ ሹፌሩ እንኳ በመስታወቱ እያየው «ሳይነስ ነው ብሮ፣ እንፋሎት ታጠን» ብሎታል። እኔም፣ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ውሃ አፍልቼ አቀረብኩለት። ሦስት ሳምንት በእንፋሎት አለፈ። ከዚያ ያስመልሰው ጀመር፤ ብርሃን አስጠላው፤ አንድ ጠዋት ስሜ ጠፋበት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ «ማጅራት ገትር ይመስላል» አለች። «መንስኤው ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ለይተን ለማከም ከጀርባው ውሃ መቅዳት አለብን።»

ወንድሜ በዚያ ሰዓት ራሱን ያውቅ ነበር። «አባባ እሺ ካሉ» አለ።

አባባ የምንላቸው ያሳደጉንን አጎታችንን ነው። ከቡራዩ በሁለት ታክሲ መጡ።

«ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው በእግሩ ሲሄድ አላየሁም» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ደብተሬን አወጣሁ። አከርካሪ ሣልኩ። ኅብለ ሰረሰሩ የሚያልቅበትን በቀይ፣ መርፌው ከዚያ በታች የሚገባበትን በሰማያዊ አሰመርኩ። ፈንገሱ ከአፈርና ከርግብ ኩስ ተነሥቶ በትንፋሽ እንደሚገባ፣ መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ሲያርፍ ከሳንባ ወደ አንጎል ሽፋን እንደሚዛመት አብራራሁ። ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ነው የተናገርኩት፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ተማሪዎቼ ይጽፉ ነበር።

«ፈንገስ?» አሉ አባባ። «ይሄ ካልሲ ውስጥ የሚወጣው?»

«አይ አባባ፣ ያኛው ሌላ ዓይነት…»

«የእግር ጣት በሽታ ጭንቅላት ድረስ ምን ሊሠራ ወጣ? ሊፍት አለው?»

የጎን አልጋው አስታማሚ በሳቅ ፈነዳ። አባባ ግን አልሳቁም። «ቲቸር፣ እኔ ተማሪህ አይደለሁም። ደግሞስ ውሃው ተቀድቶ ካለቀስ?»

እኔ ስለ ካልሲው መመለስ ቀጠልኩ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ጥያቄ አልመሰለኝም። «ነገ እናያለን» ብለው ሄዱ። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቃሰተ። እኔ በንዴት ሥዕሉን አስተካክዬ እንደገና ሣልኩት፤ ይህን ሳስታውስ እስካሁን ያናድደኛል።

በማግስቱ ተመልሰው ሲመጡ አንዲት ነርስ ትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣችና አባባን «ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?» አለቻቸው። እኔ አንድም ጊዜ አልጠየቅኳቸውም።

«ልጄ፣ እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። የተቀዳ ያልቃል። ይሄ ልጅ ቢደርቅስ?»

«አባባ፣ ምራቅዎን ሲተፉ አፍዎ ደርቆ ይቀራል?»

አባባ አፋቸውን በምላሳቸው ዳሰሱ።

«ይሄም እንደዚያው ነው፤ ሰውነት ይተካዋል። የምንወስደው ይቺን ብልቃጥ አይሞላም።»

ብልቃጧን ተቀብለው ገለባበጡና ወደ ወንድሜ ዞሩ። «በል እሺ በላቸው።» ከዚያ እኔን አዩ። «አንተ ይህን ማለት አቅቶህ ነው አጥንት ስትሥል የዋልከው?»

ውሃው ተቀድቶ ተመረመረ፤ ፈንገስ ነበር። ሳምንታት በመርፌ፣ ወራት በኪኒን ታከመ። ዛሬ በእግሩ ይሄዳል፤ የግራ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው አያይም። መዘግየታችን ይሆን ብዬ ሐኪሟን አልጠየቅኳትም። ከሦስቱ የእንፋሎት ሳምንታት ይልቅ ያቺ የደብተር ቀን ናት የምትቆጨኝ።

ስለዚህ እስቲ እናንተም ሞክሩት። ሰው ሳይታመም፣ ዛሬውኑ፣ ቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው «ከጀርባ ውሃ ይቀዳል ሲባል ምን ይታይዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብተር አታውጡ። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ።