አራት ሚሊ ሜትር ይጎብጣል ያልኩት ብረት

በዚያ ቅዳሜ ሞጣ በሚገኘው መጋዘን ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ጤፍ የሚነግዱት ባለ መጋዘኗ፣ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ግድግዳውን የገነቡት ሽማግሌ ግንበኛ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ተሸካሚዎች፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ መሰላሉ ሥር ናቸው። የእናቴ ወንድም፣ ቢቸና የብየዳ ቤት ያለው አጎቴ፣ እጁን ኋላው አድርጎ ወደ ላይ ያያል። ስድስተኛው ደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ።

ባለ መጋዘኗ ከተንሸራታቹ በር በላይ ጆንያ የሚደረደርበት ቆጥ አሠርተው ነበር። የቆጡን የፊት ጠርዝ የሚሸከመው የአራት ሜትር ክፍተት የሚሻገር አግዳሚ ብረት ነው። ብረቱን የሠራው አጎቴ ነው። ከብረቱ ሥር እስከ በሩ ራስ ያለው ክፍተት አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር፤ ብረቱ ከዚያ በላይ ከጎበጠ በሩ ይያዛል።

አጎቴ በዓይኑ ገምቶ የዩ ፊደል ቅርጽ ያለው ባለ አሥር ሴንቲ ሜትር ብረት ሦስት ጎን ለጎን ሊበይድ ነበር። እኔ ሁለት ይበቃል አልኩና ስሌቱን አሳየሁት። ስሌቱን ሳይሆን እኔን አየኝ።

«እሺ፣ ሁለት ይሁን» አለ። «ጆንያው ተጭኖ በሩ ከሄደ፣ ከእንግዲህ ብረት የምቆርጠው በደብተርህ ነው። ካልሄደ ግን ደብተሩን ዝጋና የብረት መቁረጫውን ግራይንደር ያዝ።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ካጣሁ በኋላ፣ ለሁለት ዓመት የለፋሁበት ያ ደብተር ብቻ ነበር።

የተማርኩት ስልኬ ላይ ካለ፣ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለውን የምሕንድስና ማስሊያ ዘዴ ከሚያስተምር መጽሐፍ ነው፤ በደንብ የጨረስኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነው። የሚጎብጥ ብረት በየነጥቡ የሚታዘዘው እኩልታ አለ። የእኩልታውን ትክክለኛ መልስ ማግኘት ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መልሱን የሚመስል ቅርጽ ትገምታለህ፤ መጠኑን ብቻ ሳትወስን ትተዋለህ። ግምቱ እኩልታው ውስጥ ሲገባ በትክክል አይገጥምም፤ ስሕተት ይተርፋል። ያ ስሕተት ከዳር እስከ ዳር በራሱ በግምቱ ቅርጽ እየተመዘነ ሲደመር ዜሮ እንዲሆን አድርገህ መጠኑን ትወስናለህ። አንድ ግምት ካልበቃ ብረቱን በሐሳብ ቆራርጠህ፣ ለየቁራጩ ቀላል ቅርጽ ሰጥተህ፣ መጋጠሚያቸው ላይ ታያይዛቸዋለህ። ከሁሉ በፊት ግን የምትገምተው ቅርጽ ሁለቱ ጫፎች ላይ ብረቱ የሚያደርገውን የሚያደርግ መሆን አለበት። መጽሐፉ ይህን የድንበር ሁኔታ ይለዋል።

እኔ ጫፎቹ ግንብ ውስጥ የተቀበሩ ናቸው፣ አይወርዱም፣ አይዞሩም ብዬ ጻፍኩ። ከቢቸና ሆኜ ግንበኛውን በስልክ የጠየቅኳቸው ብረቱ ግንቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ነበር። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አሉኝ። ያን ያህል የገባ ብረት አይዞርም ብዬ አሰብኩ። ብረቱ ላይ ሊያርፍ ለታሰበው ሃያ ጆንያ ጭነት በአንድ የኮሳይን ሞገድ ገምቼ አራት ሚሊ ሜትር አገኘሁ። ብረቱን አራት ቦታ ከፋፍዬ እንደገና ሠራሁት፤ አሁንም አራት።

ተሸካሚዎቹ ጆንያውን ከዳር እስከ ዳር ልክ ከብረቱ በላይ ደረደሩ። አሥር ሲሞላ ባለ መጋዘኗ በሩን ገፉት፤ ሄደ። አሥራ ሁለተኛው ላይ በሩ ፋቀ። አሥራ ሦስተኛው ላይ መሃሉ ሳይደርስ ቆመ። አጎቴ በሩን ወደ ዳር መልሶ ቀጥሉ አለ፤ ሃያው ሞላ።

«እስቲ ያን ደብተርህን በለው፣ በሩን ይግፋልኝ» አሉ ባለ መጋዘኗ።

«እሱ መች ጆንያ ተሸክሞ ያውቃል፣ እትዬ» አለ ረጅሙ ከላይ።

ከብረቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሬ መሃሉን ለካሁ። ሃያ ሚሊ ሜትር፣ ወይም ለሃያ ጥቂት ፈሪ። ካልኩት አምስት እጥፍ ነው። አንድ ዓይነት ብረትና አንድ ዓይነት ጭነት እንዲህ አምስት እጥፍ የሚለያየው ጫፎቹ ሲዞሩ እንደሆነ ከመጽሐፉ አውቃለሁ። መሰላሉን ወጥቼ ብረቱ ግንቡ ውስጥ የገባበትን አየሁ። ብረቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከላዩ ግን ጣት ይገባል፤ ክፍተቱ ውስጥ ያለው ጭድ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ለምን አልተደፈነም?»

«በጭቃ የተሠራ ግንብ አንድ ክረምት ሳያልፈው ብረት አይታሰርበትም» አሉ ግንበኛው። «ግንቡ ገና ይረግጣል፤ ክብደቱ ወደ ታች ያወርደዋል። ያኔ ብረቱን አንቆ ከያዘው ይሰነጠቃል። መስከረም ላይ እደፍነዋለሁ። እኛ እዚህ እንዲህ ነው የምንሠራው።»

«በስልክ አልነገሩኝም እኮ።»

«መች ጠየቅኸኝ? ጥልቀቱን ጠየቅኸኝ፣ ሠላሳ አልኩህ። ለካው።»

ለካሁት። ሠላሳ ነበር።

ወርጄ ከባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጫፎቹ እንዲዞሩ የሚፈቅድ ቅርጽ፣ ግማሽ የሳይን ሞገድ፣ ገምቼ እንደገና ሠራሁ። ሃያ ወጣ። ሁለቱም ግምቶች ከትክክለኛው መልስ የሚርቁት በመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ጉድለቱ ከዘዴው አልነበረም፤ ሳልጠይቅ ከጻፍኩት ከመጀመሪያው መስመር ነበር።

አጎቴ ሁሉንም ይሰማ ነበር። «እንዳለ ስንት ይችላል?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት ሲሆን ይነካል። አሥራ አንድ።»

ተሸካሚዎቹ ማውረድ ጀመሩ። አጭሩ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥራ ሁለት ሲቀር ባለ መጋዘኗ ገፉት፤ በሩ ሄደ፣ ግን እየፋቀ። አንድ ሲወርድ በአንድ እጅ ሄደላቸው።

«እንግዲህ እስከ መስከረም አሥራ አንድ ነዋ» አሉ። «የቀረውን መሬት ላይ አኖረዋለሁ። ደብተርህ ሰው ለመጠየቅ አይሆንም እንጂ ለቆጠራስ ደህና ነው።»

ወደ ቢቸና ስንመለስ መኪናው መንገድ ላይ ግንደወይን ቆመ። እዚያ አጎቴ «በሩ አልሄደም» አለ።

«አልሄደም።»

«ግራይንደሩን ትይዛለህ፤ ቃል ቃል ነው። ደብተሩን ግን አትዝጋው። ከእንግዲህ ከስሌቱ በፊት ግንበኛውን ምን ብለህ እንደጠየቅከው ጽፈህ ታሳየኛለህ። እሱን እኔም ማንበብ እችላለሁ።»

አሁን ቀን ቀን ብረት እቆርጣለሁ፤ በደብተሩ በየገጹ አናት ላይ ግንቡ በምን እንደተሠራና ጫፉ መቼ እንደሚደፈን ይጻፋል። አጎቴ በዓይኑ የገመተውን ሦስት ብረትም አስልቼዋለሁ። አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር ይጎብጥ ነበር፤ በሩ ያኔም ይያዝ ነበር። ይህን እስካሁን አልነገርኩትም፤ ይህን ታሪክ የጻፍኩት በዚሁ ደብተር ነውና ሲያነበው ያውቀዋል።

እርግጠኛ ያልሆንኩባቸው ነገሮች አሉ። ሲባጎውን በግራ በኩል የያዘልኝ አጎቴ ይሁን አጭሩ ተሸካሚ አላስታውስም። ልኬቱ ሃያ ይሁን አሥራ ዘጠኝ ያኔውኑ አልጻፍኩትም። በቀኙ ጫፍም ክፍተት እንደነበረ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት የግራውን ብቻ ነው። በዚያ ቀን እዚያ የነበራችሁ አምስታችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙ፤ የጎደለውን ጨምሩበት። ከዚህ ገጽ ግርጌ ባዶ ቦታ ትቼላችኋለሁ።