ወደ ቦርዱ መሀል ጠጋ በል፣ አባባ

ሰው በእኔ ዕድሜ ጥቁር ላስቲክ ለብሶ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኘው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ መርከቡ ሰጥሞበታል፣ ወይ የልጅ ልጅ አለችው። እኔ መርከብ የለኝም።

የእኛ ቤት ሰው መኪና ነድቶ ወይ ቢሮ ውሎ የሚያድር ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሲያትል ኤርፖርትና በከተማው መካከል በታክሲ ስመላለስ ኖርኩ፤ ልጄ ቤልቪው ቢሮ አላት። የልጅ ልጄ ግን ከማን እንደወረሰችው እንጃ፣ ኮሌጅ በገባች በዓመቱ ቦርድ ላይ ቆማ በሞገድ የምትንሸራተት ሆነች። ኮሌጅ የሚዘጋበትን ሰመር ደግሞ ውቅያኖሱ ዳር፣ ቦርድ በሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ጀማሪዎችን ማስተማር አማራት። የሱቁ ባለቤት ፀሐይና ጨው ፊቷን ያቆረፈዱባት ፈረንጅ ናት። «ከዚህ በፊት ሞክሮ የማያውቅ ሰው አምጪና እያየሁ አስተምሪው፤ በእግሩ ካቆምሽው ሥራው ያንቺ ነው» አለቻት።

ጓደኞቿ ወይ ይችላሉ ወይ ሥራ ላይ ናቸው። ምንም የማይችል፣ ሥራ የሌለው፣ እሷንም እንቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ስትፈልግ ዓይኗ ሶፋው ላይ አረፈ። ሶፋው ላይ እኔ ነበርኩ።

«አባባ፣ ፕሊስ። ይሄን ሥራ ካላገኘሁ ሰመሩን ሙሉ እማዬ ቢሮ ነው የምውለው።»

«ቢሮ ምን አለው? ወንበር አለው፣ ጣሪያ አለው።»

«አባባ!»

«እሺ፣ እሺ። ብሰምጥ ግን ለእናትሽ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

ልምምዱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተጀመረ። በሆድ መተኛት፣ መዳፍን ከደረት ጎን መትከል፣ ከዚያ በእጅ ገፍቶ አንዱን እግር ወደ ፊት አስገብቶ መነሳት። የትኛው እግሬ ከፊት እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ሳላስበው ከጀርባዬ ገፋ አደረገችኝ። ሰው በድንገት ሲገፋ የሚቀድመው እግር የፊት እግሩ ነው አሉ። እኔ አንዱንም አላስቀደምኩም፤ ዞር ብዬ «ባለጌ!» አልኳት። ስትደግመኝ ግራዬ ቀደመ። ስለዚህ ቀኙ የኋላ ሆነ፤ ቦርዱን ከሰው ጋር የሚያያይዘው ገመድም እሱ ላይ ይታሰራል።

ስተኛ ስነሳ፣ ቼሪ መንገድ ላይ የሚኖረው ባልንጀራዬ በሩን ከፍቶ ገባ። አየኝና፣

«ኧረ ምን ሠርተው ነው? በበዓለ ኀምሳ አይሰገድም እኮ!» አለኝ።

«ስግደት አይደለም። ለባሕር እየተዘጋጀሁ ነው።»

«ሊሻገሩ?»

«ልቆምበት።»

ባልንጀራዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመድኃኒት ብልቃጤን አነሳና ከላይ እስከ ታች በጥሞና አነበበው።

ቅዳሜ ጠዋት የኦሊምፒያን ከተማ አልፈን ውቅያኖሱ ዳር ደረስን። ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የሰጡኝ ዌትሱቱን ነው፤ ብርድ እንዳይገባ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ የላስቲክ ልብስ። እኔ የማውቀው ዚፕ ከፊት የሚዘጋውን ነውና ዚፑን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ታግዬ፣ ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ። ለጉልበት የተሠራው ውፍረት ቋንጃዬ ላይ ነበር።

«አባባ፣ ገልብጠኸዋል። ዚፑ ከጀርባ ነው።»

«ከጀርባ ማን ይዘጋልኛል?»

«ረጅም ማሰሪያ አለው፣ ራስህ ትስበዋለህ።»

ማውለቁ ከመልበሱ ባሰ። ስመለስ ዓይኔ አጭርና የሚያብረቀርቅ ቦርድ ላይ አረፈ፤ እሷ ግን ረጅሙን፣ ሰፊውን፣ ላዩ ስፖንጅ የሆነውን አወረደችልኝ። «ለጀማሪ ሰፊው ነው የሚሸከመው። ራስህን ሲመታህም ብዙ አያምም» አለችኝ። ሲመታህ ነው ያለችው፤ ቢመታህ አላለችም። ቀጥላ ሰም ሰጠችኝ። ቦርዱ እንዲፈጥን መስሎኝ ውሃ የሚነካውን ሆዱን እንደ ጫማ ወለወልኩት። ለካ ሰሙ የሚቀባው ላይኛውን ፊት ነው፣ የሰው እግር እንዳያንሸራትት። የሱቁ ባለቤት ሴትዮዋ በሩ ላይ ሆና ይህን ሁሉ አየች። የልጅ ልጄ ጉንጯ ቀላ።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጋችሁ። እኔ ሠርግ ብጠራም ለቅሶ ብደርስም በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። ባለቤቶቹ «ኧረ ወደ ላይ ይበሉ» ይላሉ፤ «እዚሁ ይበቃኛል» እላለሁ። ይደግማሉ፤ ብድግ እልና እዚያው እመለሳለሁ። «በሞቴ!» ሲሉኝ ነው እያጉረመረምኩ ጠጋ የምለው። ሳይለመን ከፍ ካለው ቦታ የሚቀመጥ ሰው አላጋጠመኝም፤ ካጋጠመኝም አምቼዋለሁ።

ውሃው ወገባችን ጋ ሲደርስ «ተኛበት» አለችኝ። ሰውነቴ የለመደውን አደረገ፤ ሄዶ የቦርዱ ጅራት ላይ ተጋደመ።

«ወደ መሀል ጠጋ በል፣ አባባ!»

«ኧረ እዚሁ ይበቃኛል።»

ሞገዱ መጣ። የቦርዱ አፍንጫ ሽቅብ ተነሳ፣ እኔ ከኋላ እንደ መልህቅ ጎተትኩት፣ ሞገዱም በሆዳችን ሥር አልፎ ያለ እኛ ወደ ዳር ሄደ። ባሕር ሰው ደጋግሞ አይለምንም ለካ።

«ኋላ ስትተኛ ቦርዱ ይቆማል። ጠጋ በል አላልኩህም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ ያልሽው!»

ተናደድኩ። ጠጋ ማለት ከሆነ እንግዲህ ብዬ እስከ አፍንጫው ድረስ ተሳብኩ፤ አገጬ ከቦርዱ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። የሚቀጥለው ሞገድ ከኋላ ሲያነሳን አፍንጫው ውሃው ውስጥ ተሰካ። እኔ በላዩ ተገለበጥኩ፣ አሸዋ ቀመስኩ፣ ብቅ ስል ደግሞ ገመዱ ቦርዱን ጎትቶ አመጣልኝና አናቴን መታኝ። እውነትም ብዙ አያምም።

ሴትዮዋ ከዳር «ላስት ዋን!» ብላ ጮኸች፤ የመጨረሻው ሙከራ ነው ማለቷ ነው። የልጅ ልጄ ወደ እሷ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ቦርዱን በሁለት እጇ ያዘችልኝ። ቀልዴን ሁሉ ዋጥ አደረግኩና ቦርዱ ላይ ወጣሁ። ከድንጋጤዬ የተነሳ ግን ተመልሼ ጅራቱ ላይ ነበርኩ።

በዚህ ጊዜ አልጮኸችም። ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብላ፣

«አባባ፣ በሞቴ» አለችኝ።

አንድ ስንዝር ያህል ተሳብኩ።

«በሞቴ፣ ትንሽ።»

ደግሞ ትንሽ።

«በቃ! እዛው!»

የእግሬ ጣቶች ጅራቱን ነኩ፣ ደረቴ ቦርዱ መሀል ላይ አረፈ፣ አፍንጫው ከውሃው ትንሽ ብቻ ከፍ አለ። ቦርዱ ከሥሬ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ተስተካከለ። ለካ የሰው ቦታ በር አጠገብም ከፍ ካለውም አይደለም፤ ቦርዱ ሳይንጋደድ የሚሸከመው ቦታ ነው።

ሞገዱ ሲደርስ ገፋችኝና «ተነስ!» አለች። ስንት ጾም የሰገድኩበት ጉልበቴ አሳፍሮኝ አያውቅም፤ ተነሳሁ። መቀመጫዬ ወደ ኋላ፣ እጆቼ ወደ ፊት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የመብራት ማብሪያ የሚፈልግ ሰው ልምሰል እንጂ ቆሜአለሁ። ባሕሩ ሄደ፣ እኔም አብሬው ሄድኩ። አፌን ከፍቼ የምጮኸው እኔው መሆኔን ያወቅኩት ዘግይቶ ነው። ከዚያ ጥልቀቱ ጉልበት የማይደርስ አረፋ ውስጥ በክብር ወደቅኩ።

ሴትዮዋ እጇን አውለብልባ ጠራቻት። የልጅ ልጄ እኔን ልታነሳ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ሂጂ፣ ሂጂ! እኔ የት እሄዳለሁ?» አልኳት። ከቦርዱ ጋር በገመድ ታስሬ ነበር እኮ።

አሸዋው ላይ ሲነጋገሩ ከሩቅ አየኋቸው። የልጅ ልጄ እጇን ታወናጭፋለች፣ ሴትዮዋ ወደ እኔ እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ የልጅ ልጄ ዘለለች። እየሮጠች መጥታ ውሃው ውስጥ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አገኘሁት፣ አባባ! አገኘሁት!»

«ምን አለች?»

«እኚህን ሽማግሌ ያስነሳች ማንንም ታስነሳለች፣ አለች።»

እኔ ባልከራከር ኖሮ ይህ ሥራ እንደማይገኝ፣ ስለዚህም ግማሹ ምስጋና የእኔ መሆኑን ላስረዳት አፌን ስከፍት፣ ሞገድ ገባበት።