የወንድሜ ኒካህና የቤታችን መስመር

ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ደውሎ «ኒካሄ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል፤ እማዬ በቴሌቪዥን ትየኝ» ካለ ጀምሮ እኔ መቀመጫ አጣሁ። እናቴ ከሄደ ወዲህ ዓይኑን አላየችም። ሲሄድ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለ ቁልፍ ስልኳ ላይ ድምፁን ብቻ ነው የምትሰማው። ቴሌቪዥኑን በሰው ልኮልናል፤ ያለ ዲሽ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚያሳይ። ኢንተርኔቱን መምረጥ ግን እኔ ላይ ወደቀ።

«ዲሹ ምን ሆነ?» አለች እናቴ። ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ነፋስ ባዞረው ቁጥር የመካውን ሶላት እያየች ይጠፋባታል፤ ቢሆንም ትወደዋለች።

«ዲሽ የወንድሜን ኒካህ አያመጣም፣ እማዬ።»

«ካላመጣ ምን ያደርግልናል!» ብላ ከዚያ ወዲያ አኮረፈችው።

ሆሳዕና ውስጥ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንዱ ከስልክ እንጨት ተስቦ ቤት የሚገባ ሽቦ ነው፤ ወረፋ አለው። ሌላዋ ሲም የሚገባባት ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ዛሬ ገዝተሽ ዛሬ ትከፍቻታለሽ። ወረፋ የሚባል ነገር አይሆንልኝምና ልቤ ወደ ትንሿ አደላ። ዳምቦያ ያለች አንዲት ወዳጄ ገዝታት ስለነበር ልያት ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወዳጄ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሻይ ጠጥተን ስንጨርስም እንደከፈተ ነው። «ትንሽ ታገሺው» ትለኛለች። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ለጠላቴ ይስጠው! ተመልሼ የሽቦውን ወረፋ ያዝኩ። በየቀኑ ከሱቄ እየወጣሁ «ደረሰ?» እያልኩ ስመላለስ፣ ቴሌ ቢሮ ያሉት ሰዎች ገና ከበር ሲያዩኝ መሳቅ ጀመሩ።

በመጨረሻ መስመሩ ገባ። ስሞክረው ምስሉ አንዴም ሳይቆም ሄደ። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ አልበረከተም። እናቴ ፓስዎርዱን ለሰፈሩ አደለችው። እኛ ሰፈር ቧንቧ ያስገባ ሰው የጎረቤቱን ጄሪካን ይሞላል፤ እሷም ኢንተርኔቱን እንደ ቧንቧ ውኃ ቆጠረችው። ከአጥር ወዲያ ያለችው ባለሱቅ፣ ፊት ለፊት ያሉት ሹፌሮች፣ የሹፌሮቹ እንግዶች፣ ሁሉም ከእኛ ቤት ይቀዳሉ።

«ጎረቤት ጠይቆኝ፣ እያለኝ የለኝም ልበል?» አለችኝ ስቆጣ።

የኒካሁ ዕለት ከቀትር በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። አዳራሹ ታየ፣ ምንጣፉ ታየ፣ የተሰበሰበው ሰው ታየ። በሩ ተከፍቶ ወንድሜ ሊገባ ሲል ምስሉ ቀጥ አለ። መሐሉ ላይ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች፤ እኔም አብሬያት ከሳሎን ጓሮ፣ ከጓሮ ሳሎን ተሽከረከርኩ። እዚያ ኒካሁ እየታሰረ ነው፣ እዚህ እናቴ ባዶ በር ታያለች።

«ቤት ለቤት ሄጄ ስልካቸውን አስጠፋቸዋለሁ!» ብዬ ጫማዬን ሳጠልቅ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«በልጄ ኒካህ ቀን ሰው አጥፋ አይባልም። ጥሪያቸው፣ እዚህ መጥተው ይዩ።»

እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። በየአጥሩ «እማዬ ኑ ብላለች፣ ስልካችሁን አጥፉና ኑ!» ብዬ ጮህኩ። መጡ። ባለሱቋም ሱቋን ዘግታ መጣች። ሳሎኑ ጢም አለ፣ ያቺ ክብ ነገር ጠፋችና ምስሉ ተንቀሳቀሰ።

ወንድሜ ከሙሽራዋ አባት ፊት ለፊት ተቀምጧል። ወፍሯል፣ ፀጉሩም ከግንባሩ ሸሽቷል። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እኔም ዕንባዬ መጣ። እናቴ ተነስታ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆመችና በልጅነት ስሙ ጠራችው። ጠበቀች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። እሱ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይስቃል።

«በስልክ ሲሆን ይመልስልኛል» አለች ወደ እኔ ዞራ። «አሁን ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለኝ?»

«አይሰማሽም፣ እማዬ። አያይሽምም። አንቺ ብቻ ነሽ የምታዪው።»

እናቴ እጇን ሻሿ ሥር አስገብታ ፀጉሯን ዳሰሰች።

«ታዲያ ሽበቴን እንዳያይብኝ ሂና የተቀባሁት ለማን ነው?» አለች።