ከእጅ የማይረግፍ አቧራ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ በአፈር ላቦራቶሪ ረዳት ቴክኒሺያን ሆኜ በተቀጠርኩበት ቀን፣ አለቃዬ አቶ ግርማ ወንፊቶቹን ከሰፊ ቀዳዳ እስከ ጠባብ ደራርበው አሳዩኝ። "ስትነፊ አፍንጫሽን ሸፍኚ። ደቃቁንም በብሩሽ እንጂ በእጅሽ እንዳትነኪ" አሉኝ።

ሞጆ አጠገብ የነበረ አሮጌ የቆዳ መጋዘን የሠራተኞች መኖሪያ ሊሆን ታስቦ አፈሩን እንድንመረምር ታዘዝን። ቀድሞ ቆዳው እንዳይነቅዝ አርሴኒክ በሚባል መርዝ ይነከር ነበር። መጋዘኑ ከተዘጋ በኋላ የቀሩት ዘበኛው ኦቦ ደበሌ ብቻ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር።

ስንደርስ ጎንበስ ብለው ግቢውን ሲጠርጉ አገኘናቸው። አቧራው ይጨሳል። "አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ!" ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። መዳፋቸውን ትንንሽ ደረቅ ኪንታሮት ሞልቶታል።

"መጥረጊያው ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

መጀመሪያ አፈሩን እንዳለ መረመርነው። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ስላልነበር የግንባታው ኃላፊ ደስ አለው። አቶ ግርማ ግን አልተዋጠላቸውም፤ "ጠጠሩንና ዱቄቱን ለያይተሽ መርምሪ" አሉኝ። ጠጠሩ ውስጥ የተገኘው መርዝ ጥቂት ነበር። ከመጨረሻው ወንፊት ሥር የወረደው ዱቄት ግን በመርዝ የተሞላ ነው።

"ዱቄቱ እኮ እፍኝ አይሞላም፤ የሚበዛው ጠጠሩ ነው" አለ ኃላፊው።

"ጠጠር ከእጅ ይረግፋል፣ ጓድ" አሉት አቶ ግርማ። "ዱቄቱ ግን መዳፍ ላይ ተጣብቆ ከእህል ጋር ይበላል። ሲጠረግም ይተነፈሳል።"

ግንባታው ቆመ። ለኦቦ ደበሌ ግን ሌላ ቤት የሚሰጥ ጠፋ። አቶ ግርማ ያላንኳኩት በር አልነበረም።

ለተጨማሪ ናሙና በሄድኩ ቁጥር "ኦቦ፣ እባክዎ አይጥረጉ። የግድ ከሆነም መጀመሪያ ውሃ ይርጩበት" እላቸው ነበር። እሺ ይሉኛል። ስመለስ ግቢው ተጠርጎ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ንዴቴን መደበቅ አቃተኝ።

"ትመጣለች ሲሉኝ ዝም ብዬ ልቀመጥ?" አሉኝ ቅር ብሏቸው። "እንግዳ ባልተጠረገ ደጅ ይቀበሉታል?"

ለካ የሚጠርጉት ለእኔ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሳላስነግር መሄድ ጀመርኩ። ሆኖም መዳፋቸው ላይ ካለው ኪንታሮት አንዱ ቆስሎ አልድን አለ። ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው "ኪንታሮቱም ቁስሉም ከአርሴኒኩ የመጣ ነው፤ ዘግይታችኋል" ተባልን። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ምርመራችን ትክክል ነበር። ሊገቡ የነበሩት ሰዎች ተርፈዋል። እዚያ የነበሩትን አንድ ሰው ግን አላተረፍንም።

በሙያው ላላችሁ፦ ደቃቁን አፈር ለብቻው መርምሩ። አፈሩ ላይ የሚኖረው ሰው ሳይወጣ ግን ሥራው አለቀ አትበሉ።