ሸምሱ ተራ የለቀቀበት ሳምንት

ሸምሱ ከሚዛን ወደ ቴፒ ሚኒባስ ሲነዳ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ተራ እንኳ አላለፈችውም። የመናኸሪያው ሕግ ጥብቅ ነው፤ ሹፌር ስሙ ሲጠራ መኪናው ዘንድ ካልተገኘ ተራው ለቀጣዩ ይሰጣል። ስለዚህ ጠዋት ሆዱ ሲያጣድፈው «ቆይ፣ ቴፒ ስንደርስ» ይለዋል። ቴፒ ሲደርስ ደግሞ የመልሱ ተራ አለ። ውኃማ ጭራሽ አይጠጣም፤ መንገድ ላይ ያስቆማል።

ይህ ልማዱ ከማይሆን ሳምንት ላይ ጣለው። ያሳደጋት እህቱ ዙሌይካ እሑድ ልትዳር ነው፤ ከአማን እስከ ቴፒ ራሱ ነድቶ ሊያደርሳት ቃል ገብቶላታል። ማክሰኞ ዕለት ግን ሆዱ ከደረቀ ስድስተኛ ቀኑን ያዘ። መሪ ይዞ መቀመጥ አቃተው።

ጤና ጣቢያ ገብቶ ለሲስተር ፀደንያ መጀመሪያ የነገራት ስለ ወገቡ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ራስ ምታቱ። እሷም ታግሣ ሰማችውና ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ፣ በመጨረሻም ሽንት ቤት ከተቀመጠ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀችው። ይሄኔ አቀረቀረ።

«ሲስተር፣ ሞተሩስ ይሠራል። የጭስ መውጫው ማርሚታ ነው የተደፈነው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስተኛችውና ሆዱን ዳሰሰች። አስመልሶት፣ ደም አይቶ፣ ክብደት ቀንሶ፣ ፈስ እንቢ ብሎት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ አንዱም አልነበረበትም። ሰገራ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ጻፈችለት። ውኃ እንዲያዘወትር፣ ጎመን፣ ቦሎቄና ፓፓያ እንዲበላ፣ ተራ ሲጠብቅም ወዲያ ወዲህ እንዲል ነገረችው። ሆዱ ከተነፋ ወይም ካስመለሰው ግን ለነገ ሳይል እንዲመጣ አስጠነቀቀችው።

«ዋናው ነገር» አለችው፣ «ሲመጣብዎ አያሳልፉት። አንጀት ደጋግመው ከመለሱት ያኮርፋል።»

«ተራዬስ?»

«ተራው ነገም ይመጣል፣ ጋሼ።»

ሐሙስ ጠዋት ፓፓያውን በልቶ፣ ውኃውን ጠጥቶ ቆሞ ሳለ ስሙ ተጠራ። ሆዱም በዚያችው ቅጽበት ተንቀሳቀሰ። ሸምሱ አንዴ መኪናውን፣ አንዴ የሽንት ቤቱን በር አየና ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሮጠ። ተራ አስከባሪው ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ ከዚያ ተራውን ለቀጣዩ ሹፌር ለሳህሉ ሰጠው።

ሲመለስ ሳህሉ መኪናውን ሞልቶ ሊወጣ ነበር። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ይህችን ተራ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠብቃት እንደኖረ እየነገረ አላገጠበት። ሸምሱ ግን ከፊቱ ላይ ብርሃን እየፈሰሰ በሰላም ግባ ብሎ መረቀው፤ አጠገቡ የቆመውንም ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ምን አግኝቶ እንደሆነ ማንም አላወቀም።

እሑድ የሰባት መኪና አጀብ ክላክሱን እያንባረቀ መንገድ ላይ ያለችውን የሸኮ ከተማ ሊያልፍ ሲል የሙሽራዋ መኪና ድንገት ቆመ። ሚዜዎቹ ጎማ ተነፈሰ ብለው ዘለው ወረዱ። ሸምሱ ከነሙሉ ልብሱ ወደ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ሲሮጥ ነገሩ የገባት ዙሌይካ ብቻ ነበረች። ቬሎዋን ሰብስባ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ወንድሜ የሐኪም ትእዛዝ እየፈጸመ ነው» አለች። «የቸኮለ በእግሩ ይቅደም።»

ሴቶቹ ሳቁን አልቻሉትም። ሸምሱ ቀበቶውን እያስተካከለ ከጓሮው ሲወጣ እንደ ሙሽራ በእልልታ ተቀበሉት።