ግባ ያልተባለው

ሰሞኑን ስለ ቫምፓየር እያወራን አንዲት ተማሪዬ ክፍሉን ጸጥ አሰኘችው።

ከፋ፣ ቦንጋ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ያነበቧቸውንና በስልክ ያዩዋቸውን የቫምፓየር ታሪኮች እያወዳደሩ ነበር።

በድሮዎቹ ጥፍሩ የረዘመ፣ ሬሳ ሬሳ የሚሸት ደም መጣጭ ጭራቅ ነው። በአሁኖቹ መልከ መልካም፣ ሀብታም፣ ፍቅር የያዘው ጎረምሳ ሆኗል። አንዳንዱን ፀሐይ ታቃጥለዋለች። (እሱማ ክረምቱን እኛ ጋ ቤት ቢከራይ ምንም አያሰጋውም።)

"ቲቸር፣ ብዙዎቹ ላይ ግን አንድ ነገር አለ" አለ አንዱ። "ግባ ካልተባለ ሰው ቤት አይገባም።"

ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

"አባቴም እንደዚያ ነው። ማገዶ ሊሸጥ ሲሄድ ደጅ ይቆማል። ዝናብ ቢሆንም ግባ የሚለው የለም።"

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ከማንጆ ማኅበረሰብ ናት። እኛ አገር ማንጆን ቤት ማስገባት ነውር ሆኖ ነው የኖረው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረን ሁላችንም እናውቀዋለን። (ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው።)

ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጭራቁን መልከ መልካም ያደረገው የሚተርከው ሰው ነው። ሰው ሲፈልግ ደም የሚመጠውን እንኳ ቤቱ አስገብቶ ያፈቅረዋል። ማገዶ ያመጣልን ሰው ግን ዛሬም ደጅ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል።

እናንተ ሰፈርስ ደጅ የሚቀረው ማነው? "ግባ" ያላችሁበት፣ ወይ የተባላችሁበት ቀን ካለ እዚህ ጻፉልኝ።

ስትጽፉ ግን ልጅቷም እንደምታነበው አትርሱ።