የመርሻ ጥያቄ

ከቤት የወጣሁበት ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ፍቼ ያለ ጎረቤት ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ እየተንሰቀሰቀ፣ እሷ እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና በሩን መለስ አደረገችው። ምርቃት መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

«ብርቄ፣ አሜሪካ ኤርትራውያን ሞልተዋል ይባላል» አለችኝ። «ትልልቆቹን ፈልጊ። አባትሽን ጠይቂልኝ።»

አባቴ በየነ፣ እኔ ገና ስድህ፣ ከገበያ በአፈሳ ተወስዶ ኤርትራ ዘመተ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። እናቴ ከል አልለበሰችም፣ ሌላ አላገባችም፤ ተስካር ይውጣለት ያሏትን ዘመዶች ሁሉ እንደተቀየመች አለች። እኔ የማላስታውሰውን ሰው አገር ሙሉ ልጠይቅላት ቃል ገባሁና ዲቪዬን ይዤ በረርኩ።

ኦክላንድ ስደርስ ሐምሌ ነበር። ካሊፎርኒያ ሲባል መቼም ፀሐይ ነው የሚመስላችሁ። ውሸት ነው! ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚነሳ ጉም አለ፤ መንገዱን ይዞ እንደ እንግዳ ሰው እያመነታ ይመጣል፣ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የፍቼም ጉም ጉም ነው፣ ግን የከብትና የእርጥብ ሣር ሽታ አለው። የዚህኛው ምንም አይሸትም። ቲማቲማቸውም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቢሮ ወረቀቴን ላስጨርስ ሄድኩ። የቢሮዋ ሴትዮ ትጠይቃለች፣ አስተርጓሚው በስልክ ይተረጉማል።

«አባትሽ በሕይወት አለ?»

«አላውቅም።»

«ሞቷል ማለት ነው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

ሴትዮዋ ኮምፒዩተሯን ወደኔ አዞረችው። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፣ ሦስተኛ የለም። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ አንዱን በይና እንገላገል። የኔም ወንድም እንዲሁ ነው፤ እኔ ሞቷል ነው የምላቸው» አለኝ። ሴትዮዋ ምን እንዳለኝ ስትጠይቀው፣ «ጥያቄውን እያብራራሁላት ነው» አላት። እኔ ግን የእናቴ ፊት መጣብኝ። «አለ» አልኩ። «ጥሩ! አድራሻውስ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኳት ልጅ ናት ሩም ያገኘችልኝ። አከራዩ አቦይ ግርማይ ይባላሉ፤ የአስመራ ሰው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ የድሮ ታጋይ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ገና ጤና ይስጥልኝ ስል በእንግሊዝኛ አቋረጡኝ።

«አማርኛ የለም። ትግርኛ፣ ዐረብኛ፣ ጣልያንኛም ትንሽ። አማርኛ አልተማርኩም።»

«ኖ ፕሮብለም፣ ሰር።»

«ስሞክ?»

«ኖ።»

«ቦይፍሬንድ?»

«ኖ።»

«ፖለቲክስ?»

«ኖ፣ ኖ!»

«ጉድ። እኔ አለኝ፣ ለሁለታችንም ይበቃል።»

እንዲህ ሆነን መኖር ጀመርን። መልካችን አንድ፣ ሽሯችን አንድ፣ ሰላምታችን ግን ስብርብር ያለ እንግሊዝኛ። ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ «ሀው አር ዩ» መባባል እንዴት እንደሚያሳፍር የቀመሰው ያውቀዋል።

እኔ ሬድውድ ሲቲ አንድ የአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው። ሺፍቴ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ቤት ነኝ። አንድ ጉም የበዛበት ጠዋት አልጋዬን ሳነጥፍ ከሳሎን የሁለት ወንዶች ወሬ ሰማሁ። በአማርኛ! አንደኛው ሽማግሌ ነው።

«ትምህርት ቤታችን በትግርኛና በዐረብኛ ነበር። አንድ ቀን መጻሕፍቱን ሰብስበው ወሰዱና መምህሩ አማርኛ ይዞ ገባ። ባንዲራችንን አወረዱት። ፌዴሬሽን ብለውን ነበር፤ እኛን ሳይጠይቁ አፈረሱት። አቤት አልን፣ አሰሩን። ሰልፍ ወጣን፣ ተኮሱብን። በረሃ የገባነው ጠመንጃ ወደን ነው?»

ሌላኛው ወጣት ነው። የሰላሌ ልጅ ነው፣ ቃሉን የሚጎትተው ልክ እንደ አጎቶቼ።

«ምነው ሸዋ! ጌታው፣ እኔ የማንን ባንዲራ አወረድኩ? አባቴ ጭሰኛ ነበር። ጫማ ያደረግኩት ወታደር ሆኜ ነው። ቅኝ ገዢ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ማንን ነው የገዛሁት?»

የአገሬ ልጅ ቤታችን መጥቶማ ሳልጨብጠው አይሄድም ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። አቦይ ግርማይ ብቻቸውን መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ጉሙን ያያሉ። የውጭ በር ሲከፈት አልሰማሁም። «ጉድ ሞርኒንግ» አሉኝ።

በሌላ ቀንም እንዲሁ። በሌላም።

እሁድ ልጃቸው ሰናይት እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ዳብሊን ከተማ ልትጠይቃቸው መጣች። እዚሁ ስላደገች የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። አባቷ አማርኛ የሚያወራቸው ጓደኛ እንዳላቸው ጠየቅኳት።

«ዳድ? አማርኛ?» ብላ ሳቀች። «ኔቨር! አንድ ቃል አይችልም። ልጆች ሆነን መኪና ውስጥ የአማርኛ ዘፈን ሲመጣ እንኳ ያጠፋው ነበር።»

የዚያን ሳምንት ቤት ልቀይር አሰብኩ። ግን የሰላሌው ድምፅ ያዘኝ። ጠዋት ሳልሰማው የቀረሁ ቀን ሥራ ላይ ይከፋኛል፤ ለማላውቀው ሰው እንዲህ መሆን ምን ይባላል?

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ክርክሩ ሲጋጋል ሳላንኳኳ ገባሁ። አቦይ ግርማይ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ጋ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበር ተስቦ ተቀምጧል። ወጣቱ፣ «ማንን ነው የገዛሁት?» እያለ ነበር፤ የሚንቀሳቀሰው ግን የሳቸው ከንፈር ነው። ድምፁ ያንን ያረጀ አንገት ትቶ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይመስላል። ሲጨርስ፣ ወደኔ ሳይዞሩ፣ በጠራ አማርኛ፣ «ግቢ ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ተቀመጪ ይላል። እዚያ ወንበር ላይ ግን አይደለም።»

አልጋ ጠርዝ ላይ እንዳለች ሕፃን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገሩኝ።

አማርኛን በልጅነታቸው ያስተማራቸው አለንጋ ነው። በረሃ ሲገቡ ለዘላለም ጣልኩት ብለው ነበር፤ የተሰለፉበት ግንባር ግን በዚያው አማርኛ ምርኮኞችን እንዲያስተምሩ መደባቸው። ለምን እንደምንዋጋ አስረዳቸው ተባሉ። መርሻ ነኝ የሚል አንድ ምርኮኛ እጁን አውጥቶ ያንን ጥያቄ ጠየቃቸው።

«መልስ አጣሁ» አሉ። «ነገ እመልስልሃለሁ አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። አንተ አልገዛኸኝም፤ ሁለታችንንም የገዛን ሰው በአንተ እጅ ነው የገዛኝ። ረሃባችን አንድ ነው፤ የኔን አፍ ግን ከነቋንቋዬ ዘጋው። ሕዝብ ራሱን ያስተዳድር ማለት ይኸው ነው። ይህን ልለው ስሄድ የእናንተው አውሮፕላን በቦምብ ቀደመኝ። ምርኮኞቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከኔ በቀር ለሕያው ሰው አማርኛ ተናግረው አያውቁም። ለመርሻ ግን በየቀኑ ይመልሳሉ።

«አይቀበልዎትም?»

«አዳምጦ ሲያበቃ እንደገና ይጠይቃል። ነፃ ከወጣን በኋላ ደግሞ ሌላ ጨመረ። ‹ጌታው፣ አገርዎን ካገኙ እዚህ ምን ይሠራሉ?› ይለኛል።»

«እና ምን ይሉታል?»

ወደ ጉሙ ዞሩ። «ይኼን ልጆቼም ጠይቀውኝ አልመለስኩም» አሉ።

የአባቴን ነገር አወጣሁ። በየነ ይባላል፣ የፍቼ ሰው ነው፣ በአፈሳ የሄደ ነው አልኳቸው። ብዙዎቹ ምርኮኞች ቤተሰቦቻቸው ላይ መዘዝ እንዳይመጣ እውነተኛ ስማቸውን አይናገሩም ነበር አሉኝ።

«መልኩስ? ጠይም ነው? ረጅም ነው?»

«መልኩ ጠፍቶብኛል፣ ጓለይ። ድምፁ ነው የቀረኝ። እሱንም እኔ አልያዝኩትም፣ እሱ ነው የያዘኝ።»

ለእናቴ ልንገራት አልንገራት ስል ከረምኩ። ምን ልላት? አንድ ሽማግሌ ውስጥ የሚናገር የሰላሌ ልጅ አለ ልበላት? ሳልወስን ነገሩ ራሱ ወጣ። አንድ ጠዋት፣ ሳሎን ክርክሩ እየተሰማ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ስንደዋወል፣ እዚያ መሽቷል፣ እናቴ የበርበሬውን መወደድ ስትነግረኝ ድንገት ቃሏ ተቆረጠ።

«ማነው?»

«አከራዬ ናቸው፣ እማዬ።»

«ሌላኛውስ?»

«እሱ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አላውቅም። ዝም በይ፣ አታቋርጪው።»

ድምፁ እስኪያበቃ አዳመጠችው። ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ ወጣት የሚባል ሰው ቤቱ ውስጥ እንደሌለ፣ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ፣ ስሙም መርሻ እንጂ በየነ እንዳልሆነ። ታለቅሳለች ወይ ታማትባለች ብዬ ጠበቅኩ። «እሺ» አለች። «እሁድ ደውዪልኝና ስልኩን ወደ እነሱ አስጠጊው።» ወደ እነሱ ነው ያለችው።

አቦይ ግርማይን ሳስፈቅዳቸው ፈሩ። «ካወቁትስ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ካላወቁትስ?» አሉ። ያም ሆኖ እሁድ ጠዋት ሸሚዛቸውን ለውጠው፣ ጢማቸውን ተላጭተው አገኘኋቸው።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ውጭ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ የጎረቤት ቤት እንኳ አይታይም። አቦይ ግርማይ የተለመደውን ጀመሩ፤ ስለ ባንዲራው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ሌሊቱን ሲያስቡት ስላደሩት መልስ። ወጣቱ «ምነው ሸዋ!» ብሎ ተነሳ። መሐል ላይ ግን ቀጥ አለ።

«ጌታው» አለ፤ «ይኼ የሚሰማን ማነው?»

አቦይ ግርማይ ዐይናቸው ፈጦ ነው የሚያዩኝ፤ ይኼን ይላል ብለው ያሰቡ አይመስሉም።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ ከፍቼ። ሳል ሳል አደረጋት። «እህል ቀምሰሃል?»

የግድግዳውን ሰዓት እሰማለሁ።

«ገና ነኝ» አለ ድምፁ።

«ኧረ በሞትኩት!» አለች እናቴ።

ስሙን አልጠየቀችውም። ስለ ጦርነቱም አልጠየቀችውም። የዘንድሮ ጤፍ እንዴት እንደያዘ ትነግረው ጀመር፤ እሱም እሺ፣ እሺ ይላታል። የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼላቸው፣ በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ።